ባለቤቱ ያልታወቀ ማሳ

በጃፓኗ ሳዶ ደሴት፣ በትንሿ ከተማችን ማዘጋጃ ቤት፣ የመሬት ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። ወደ ክሊኒኩ የሚያወጣው መንገድ አምቡላንስ ስለማያሳልፍ እንዲሰፋ ተወሰነ። ከመንገዱ ዳር ባለይዞታዎች ሁሉ ጋር ተስማምተን አንድ ብቻ ቀረን፤ እማማ ቺዮኖ ፍጅል የሚዘሩባት ጠባብ ማሳ።

ማሳዋ እስከ ዛሬ የተመዘገበችው ከሞቱ አርባ ዓመት ባለፋቸው አባታቸው ስም ነው። ወራሾቹ ሁለት ናቸው፤ እማማ ቺዮኖና ታናሽ ወንድማቸው ጌንጎ። ጌንጎ ከደሴቱ ከወጣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ። በሰሜኑ ባሕር ዳር የተመዘገበው የመጨረሻ አድራሻው ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ጉዳይ ስንት ዓመት ይጎተት ነበር። በቅርቡ የወጣው ሕግ ግን አቃለለው። ወራሹን ፈልገን ካጣነው ማስታወቂያ እናወጣለን፤ ቀኑ ሲሞላ የአውራጃው ገዥ ይወስናል፤ መሬቱም ለመንገዱ ይወሰዳል።

«ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚለውን ሰሌዳ በተከልኩ ማግስት እማማ ቺዮኖ ነቅለው ተሸክመውት ቢሮዬ መጡ። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ቦቲያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ይኼን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ያልታወቀ ያልሽው ወንድሜን ነው? ስሙን አውቀዋለሁ። እናቱን አውቃታለሁ። ጆሮው ላይ ያለችውን ጠባሳ አውቃታለሁ፤ በማጭድ የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ምኑ ነው ያልታወቀው?»

«ያለበት ነዋ፣ እማማ።»

ሰሌዳውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት።

«እሱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

የእማማ ቺዮኖ ባል የሞቱት ጌንጎ በሚነዳው ጀልባ ላይ ነው። ማዕበል ገለበጣቸው፤ ጌንጎ ተረፈ።

«በቀብሩ ዕለት፣ አገር እየሰማ፣ ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያይህ አልኩት። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ቀን ታዝዞኝ አያውቅም፤ ያቺን ብቻ ታዘዘኝ።» ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «መንገዱን ሥሩት። እኔም ዳገቱን በእግሬ መውጣት አቅቶኛል። ግን ወንድሜን እንዳልተፈጠረ ሰው አትለፉት።»

ሕጉ የሚጠይቀኝን አድርጌያለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስገድደኝ አልነበረም። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም።

«ምን ሥራ ያውቃል?» አልኳቸው።

«የጀልባ ሞተር። ሞተር ሳይነካካ ከዋለ እህል አይወርድለትም።»

በሰሜኑ ባሕር ዳር ላሉት የዓሣ አጥማጅ ማኅበራት ሁሉ ደወልኩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት፣ «ጆሮው ላይ ጠባሳ ያለው? እኛ ሳዶ ነው የምንለው። የሁሉንም ሞተር ይጠግናል፤ ራሱ ግን ጀልባ ላይ እግሩን አያሳርፍም» አለችኝና ስልኩን ይዛለት ሄደች።

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። «የጠራኝ ሕጉ ነው ወይስ እሷ?» አለ።

«ሕጉ የሚፈልገው ማኅተምዎ ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱን በፖስታ መላክ ይችላሉ። እህትዎ ግን እንዳልተፈጠረ ሰው አትለፉት ብለውኛል።»

በስምንተኛው ቀን በመርከብ መጣ። ባሕሩን ዓይኑን ጨፍኖ እንደተሻገረ ኋላ ነግሮኛል። ከእማማ ቺዮኖ ጋር ወደቡ ላይ ጠበቅነው። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ሸብተሃል» አሉት።

«አንቺስ? አጥረሻል።»

«ጌንጎ፣ ያን ቀን ያልኩህ...»

«ተይው፣ እትዬ።»

«አልተወውም! ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ለመናገር ስለማመድ ኖሬያለሁ። ባሌን የወሰደው ባሕሩ ነው፤ አንተ አይደለህም። በአፌ ያባረርኩህን በአፌ ልመልስህ።»

ሽማግሌው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማማ ቺዮኖ ጎንበስ ብለው ባለ ጠባሳውን ጆሮ ይዘው ሳብ አደረጉት።

«ተነስ፣ አንተ። ሰው እያየን ነው።»

በማግስቱ መሬቱን በሁለቱም ስም አስመዘገቡና ለመንገዱ መስማማታቸውን እንደ ፊርማ በሚያገለግለው የግል ማኅተማቸው አጸኑ። ማሽኖቹ ከመምጣታቸው በፊት ፍጅሉን አብረው ነቀሉት። በማሳዋ ላይ ሰው ሲሠራ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። እማማ ቺዮኖ አባታቸው ድንጋይ የለቀሙባትን አፈር ሲሰናበቱ ከፍቷቸው ነበር፤ ጌንጎ ከአፈሩ ጥቂቱን በቅርጫት እያጋዘ ከቤታቸው ጓሮ ደፋው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሜን የተመለሰው መሣሪያዎቹን ሊያመጣ ብቻ ነው። አሁን በየሳምንቱ እህቱን በትንሿ መኪናው በሰፋው መንገድ ወደ ክሊኒኩ ያወጣቸዋል። በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ሲያልፉ የመኪናው መስኮት ክፍት ስለሚሆን ጭቅጭቃቸው ቢሮዬ ድረስ ይሰማል።

«ቀስ በል!»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ እንቆማለን፣ እትዬ።»