ስምንት ወር በወንዙ ዳር

ዲንሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት የወንዝ ውሃ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ጉደር ወንዝ ይወርዳል፤ ውሃው ውስጥ ከቆመው ብረት ላይ ቁጥሩን ያነብባል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ዓመት በዓል አያውቅም፣ ልቅሶ አያውቅም። አምቦ ከተማ ገብቶ መኖር ከጀመረ በኋላም ስለዚያ ወንዝ ሲያወራ ልክ የገዛ ጓሮው ይመስል ነበር።

በ2017 ጥቅምት ላይ የእህቱ ልጅ ሃዋኒ መጣች። ሃዋኒ ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን በጀልባ ታንሸራሽራለች። ሁለት ሰው የሚይዝ ካያክ፣ ማለትም ጠበብ ያለ የፕላስቲክ ጀልባ፣ ለአንድ ቀን ተፈቅዶላታል። ከጉደር ፏፏቴ በላይ ያለውን ጸጥተኛና ዛፍ የበዛበትን የወንዙን ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ ቀዝፋ ማየት ፈልጋለች። ቢመቻት በኋላ ጎብኚ ታመጣበታለች።

«ኤሱማ» አለችው፤ የእናቷን ወንድም በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራው። «ወንዙን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ከፊት ይቀመጣሉ፣ እኔ ከኋላ እቀዝፋለሁ።»

ዲንሳ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ያን ዕለት ከሰዓት ያለፈውን ዓመት ካላንደር ከግድግዳ አውርዶ ገለበጠና ጀርባው ላይ ወንዙን መሣል ጀመረ። ሚስቱ ዓለሚቱ አጠገቡ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጥቂት አየችና ሾላው ያለው እዚያ ሳይሆን ከመታጠፊያው በታች እንደሆነ ነገረችው። እሱ ሳቀ። እሷ ግን ቀጠለች፤ ከሾላው በታች ውሃው እንደሚተኛ፣ ቀጥሎ በግራ በኩል ድንጋዮች ስላሉ ጀልባዋ ቀኙን መያዝ እንዳለባት አስረዳችው።

ዲንሳ እርሳሱን አስቀመጠ። ማን እንደነገራት ጠየቃት። ማንም አልነገረኝም፣ አይቼው ነው አለች።

«መቼ?»

ዓለሚቱ ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

በ1980 ዲንሳ ከበቅሎ ወድቆ ጉልበቱ ተሰብሮ ስምንት ወር አልጋ ላይ ውሎ ነበር። ልኬቱን ለጎረቤቱ ለተሬፋ አደራ ሰጠ። ሲነሳ ደብተሩን ቢገልጥ አንድም ቀን አልጎደለም። ሥራውን ያላጣው በዚያ ደብተር ነው። ከዚያ ወዲህ ተሬፋን ማመስገን አልተወም፤ ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት እስኪሞት ድረስ በየፋሲካው ከሚያርደው በግ አንድ እግር ይልክለት ነበር።

«ተሬፋ የሠራው አንድ ሳምንት ነው» አለች ዓለሚቱ። «እንጭኒ ገበያ መነገድ ሲጀምር ተወው። ብነግርህ እያነከስክ ልወርድ ትል ነበር። የቀረውን እኔ ነኝ የለካሁት። ቁጥሩንም በአንተ አጻጻፍ ተለማምጄ ነው የሞላሁት።»

ዲንሳ ያን ደብተር ስንት ጊዜ እንደገለጠው አሰበ። ቁጥሩ የገዛ እጁን ጽሑፍ መምሰሉን እያየ ስንቴ በልቡ ተሬፋን አድንቋል። ቀጥሎ የመጣበት ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ መለኪያው ያለው አንድ ቦታ ነው፣ ታዲያ የታችኛውን ወንዝ እንዴት አወቀችው?

ጠዋት ለክታ ስትጨርስ ቶሎ አትመለስም ነበር። ልጃቸውን የዲንሳ እናት ይይዙላት ስለነበር ዳር ዳሩን ይዛ ወደ ታች ትሄዳለች፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየራቀች። ጉም ከውሃው ላይ ሲነሳ፣ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ታያለች። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

«ቤት ስገባ ልጁ ያለቅሳል፣ አንተ ታቃስታለህ» አለችው። «ያቺ አንድ ሰዓት የእኔ ነበረች።»

ዲንሳ ያኔ አልጋው ላይ ሆኖ ቀሚሷ የወንዝ ዳር ቅጠል ሲሸት ትዝ አለው። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። እርሳሱን አንስቶ ሰጣት።

ሦስት ቀን አብረው ሠሩ። እሷ መታጠፊያውንና ጥልቁን አመለከተች፤ እሱ ሰዓቱን አሰላ፣ ከፏፏቴው በፊት የሚወጡበትን ድልድይ ምልክት አደረገ፣ ቀበሌ ሄዶም ፈቃድ አመጣ። በሦስተኛው ቀን ሃዋኒ ባለችበት፣ ከፊት የምትቀመጠው ዓለሚቱ ናት አለ። ዓለሚቱ እንቢ አለች፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል፣ ዋናም አልችልም ብላ ተከራከረች። ሃዋኒ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ አውጥታ አለበሰቻት። ዲንሳ ጉልበቴ ጀልባ ውስጥ አይታጠፍልኝም አለ። ያን ያህል እንኳ አልነበረም፤ ቢሞክር ይታጠፍ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወንዙ ዳር ሸኛቸው። ዓለሚቱ በቀሚሷ ሥር የሃዋኒን ሱሪ ለብሳ፣ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች። ዞር ብላ አላየችውም። ውሃው ቀስ አድርጎ ወሰዳቸው፤ ከመታጠፊያው ጀርባም ተሰወሩ።

እሱ በባጃጅ ድልድዩ ጋ ሄዶ ጠበቀ። በስሌቱ አሥር ሰዓት ላይ መድረስ ነበረባቸው። አሥር ሰዓት አለፈ። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ዳር ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። ያን ሁሉ ዓመት ወንዙን ሲያነብብ እንዲህ ፈርቶት አያውቅም። ዓለሚቱስ ያኔ ሊነጋ ሲል እየወጣች ብቻዋን ወንዝ ስትወርድ ፈርታ ይሆን? ጠይቋት አያውቅም፤ መውረዷን ሳያውቅ እንዴትስ ይጠይቃት።

አሥራ አንድ ሊሆን ሲል ከዛፎቹ ወዲያ ዘፈን ሰማ። የዓለሚቱ ድምፅ ነው። ልጆቹ ካደጉ ወዲህ ስትዘፍን ሰምቷት አያውቅም። ቀጥሎ የጀልባዋ ቢጫ አፍንጫ ብቅ አለ።

የዓለሚቱን እጅ ይዞ አወጣት። እስከ ጉልበቷ ርሳለች። ሃዋኒ የቆዩበትን ምክንያት ተናገረች፤ ብዙው ቦታ ዛፉ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርም በዝቷል። አንዱ ጥግ ግን እንዳለ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ እትዬ ዓለሚቱ መቅዘፊያውን አስቀምጪው ብለዋት ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር።

ዲንሳ ሚስቱን ምን አየሽ አላት።

«ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ» አለችው።

ባጃጁ ውስጥ ስለ ጉሙ ጀምራ ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ አረፈ። ዲንሳ ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ለመነው።