ትምህርቷ እስኪያልቅ

የወይንሐረግ ጥናቷን ጨርሳ ሳለ አልጨረስኩም ማለት ከጀመረች ከራርማለች። ዙሪክ የመጣችው አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ ለትምህርት ተልካ ነው። ሥራዋ ከሐይቅ ወለል ተቆፍሮ ከወጣ ጭቃ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ዛጎሎችን በቀጭን ብሩሽ መልቀም ነበር። በዛጎሉ ውስጥ ቀላልና ከባድ ኦክስጅን አለ፤ የሁለቱ ድርሻ በመሣሪያ ሲለካ፣ ያቺ ትንሽ ፍጥረት በኖረችበት ዘመን አየሩ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ ይታወቃል።

የተማሪ መኖሪያ ፈቃዷ ግን ከጥናቱ ጋር የታሰረ ነው፤ ጥናቱ ሲያልቅ ያልቃል። አገሯ እንዳትገባ፣ ባሏ ኅሩይ በ1970 ዓ.ም. ተይዞ ከርቸሌ ወርዷል። ሁለቱም አንድ የፖለቲካ ጥናት ክበብ ውስጥ ስለነበሩ ከገባች ተራው የእሷ ነው። እዚሁ ጥገኝነት እንዳትጠይቅ፣ ወሬው አዲስ አበባ ደርሶ ኅሩይን ያስጨርሰዋል ብላ ፈራች። ስለዚህ ቪዲኮን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ካለችው ጠባብ ክፍሏ ወደ ላቦራቶሪ እየተመላለሰች፣ የለካችውን መልሳ ትለካለች።

አንድ ቀን ጥናቷን የሚመሩት ፕሮፌሰር ሁበር ውጤቱን ይዘው መጡ። ሐይቁ የሰው ዕድሜ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ድንገት መቀዝቀዙን ዛጎሎቹ ይናገራሉ።

«አሁንም ይጠራጠራሉ?» አሏት።

«የላይኛው ጭቃ ከታችኛው ተደባልቆ ይሆናል» አለች፣ እንዳልተደባለቀ እያወቀች።

«ደጋግመው ለኩት እኮ። ሁሌም አንድ ነው።»

ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም። «አዎ፣ አንድ ነው» አለች።

ፕሮፌሰሩ በደስታ እጇን ጨበጡ። እሷ የታያት የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር።

ቅዳሜ በባቡር ጄኔቭ ወረደች። የእናቷ ወንድም አቶ ተክለሃይማኖት ኦኔ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘነበወርቅ ጋር ይኖራሉ።

«ጋሼ፣ ጨረስኩ» አለቻቸው ካፖርቷን ሳታወልቅ። «እንግዲህ ምን ይዋጠኝ?»

ባልና ሚስት ተያዩ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

የወይንሐረግ ነጠላቸውን ጨምድዳ ያዘች። «ማን ነው? እናቴ ናት?»

«ኅሩይ ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። «እህቱ ስንቅ ይዛ ብትሄድ፣ ልብሱን ሰጥተው መለሷት።»

«መቼ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ዓመት አልፎታል። ትምህርቷ እስኪያልቅ አይነገራት ብለን መከርን። ዛሬ ነገ ትጨርሳለች ስንል... አንቺ መቼ ጨርሰሽ!»

«እኔ እኮ ያልጨረስኩት ለእሱ ብዬ ነው!» ብላ ጮኸች።

ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። የላይ ቤት ጎረቤት ወለሉን ቢደበድብም ዝም በይ ያላት የለም። ከጎረቤቱ ሰፈር ከላንሲ የመጡ ያገር ልጆች ቤቱን ሞሉት። ሊያጽናኗት ሲጠጉ ግን ፊቷን አዞረችባቸው፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ካንዱ ጋር በፋሲካ ስትስቅ እንደዋለች ትዝ አላት።

ጥቁር ለብሳ ዙሪክ ተመለሰች። ጥናቷን አስረከበች፤ አሁን የምትፈራለት ሰው ስለሌላት ጥገኝነት ጠየቀች። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የስደተኛ ፓስፖርት ተሰጣት፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም ያስኬዳል። ፕሮፌሰሩም እዚያው ላቦራቶሪ ሥራ ሰጧት።

ኦኔ ለመሄድ ግን ልቧ እሺ አላለም። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በየእሑዱ ይደውሉላታል፤ እሷ በአጭሩ መልሳ ትዘጋለች። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ምንም እንዳትደብቁኝ» አለቻቸው።

«በመድኃኔዓለም፣ አንደብቅሽም» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ፊቷ ላይ ድቅን ይሉባት ጀመር፤ መርዶ ይሆን እያለች ታነሳዋለች።