የሦስተኛው ቀን ግዝት

የደሴቲቱን ስም አልጽፍም። ስሟን ብጽፍ በሚቀጥለው ሳምንት በብስክሌት የሚደርስባት አይጠፋም። ከጎርጎራ በሞተር ጀልባ የሁለት ሰዓት መንገድ ናት፤ ይህ ይበቃል።

ልጄ አዳሙ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቅቆ «ብስክሌትና ጀልባ» የሚል የጉብኝት ሥራ ከፈተ። ሰዎች ከጎንደር ተነሥተው፥ በአዘዞ አልፈው፥ እስከ ጎርጎራ ብስክሌት ይነዳሉ፤ ከዚያ ብስክሌቶቻቸውን በጀልባ ጭነው ከደሴት ወደ ደሴት ይዘዋወራሉ፤ ደሴቱ ሰፋ ያለ እንደሆነ ወርደው እንደ ገና ይነዳሉ። አራት ቀን ይፈጃል። በጥቅምት ወር «አባባ፥ የገዳማቱን ብራናና ሥዕል የሚያስረዳልኝ ሰው ካላገኘሁ፥ እነዚህ ሰዎች ግድግዳ አይተው ነው የሚመለሱት» ብሎ ለመነኝ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እኔ በመኪናና በጀልባ ብቻ ልሄድ ተስማምተን ሄድሁ።

እንግዶቹ ስድስት ነበሩ። ሁለቱን ብቻ ልጥራ። አንዲቱ በሆስፒታል የምትሠራው ዶክተር ኤሌኒ ናት። ሁለተኛው ሳሊም ነው፤ አባቱም አያቱም በጎንደር ገበያ ጨርቅ የሸጡ፥ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፥ ሆዱ ከብስክሌቱ መሪ የሚደርስ ሰው። ሁለት ቀን አስተማርኋቸው። ሐሰት አልናገርም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፥ ሐሙስ ጠዋት፥ ጀልባው ላይ ሳለን ኤሌኒ የጉዞውን ወረቀት አቀበለችኝ።

«ቄስ ኃይለ ማርያም፥ ይህ የዛሬው ምንድን ነው?»

መነጽሬን አደረግሁ። «ቀን ሦስት፦ ሰው አይቷቸው የማያውቃቸውን ዝጉሐዊ አባት ዋሻ መጎብኘት» ይላል።

ዝጉሐዊ ማለት በሩን ዘግቶ፥ ከሰው ፊት ተሰውሮ የሚኖር መነኩሴ ነው። የሰው ዐይን ካረፈበት ቦታውን ለቅቆ ይሰደዳል፤ ሥርዓቱ ነው። በዚያ ዋሻ ያሉት አባ ኪሩቤል ናቸው፤ በቅኔ ቤት ሳለን አንድ ቁራሽ ለሁለት የተካፈልን። ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ታይተው ቢሰደዱ የሚደርሱበት ሌላ ዋሻ የለም፤ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ቦታውን የምናውቀው ምግብ የሚያደርሱላቸው ረድኣቸውና እኔ ብቻ ነን። ደግሞም በዐሥር ዓመቱ እጁን ይዤ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ድረስ የወሰድሁት ልጄ ያውቀዋል።

«አዳሙ! ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ከሩቅ ነው።»

«ሩቅ ስንት ክንድ ነው?»

«አባባ፥ እንግዳ ፊት አይቆጡ።»

«እንግዳ እንዲያነበው የጻፍኸውን እንግዳ ፊት ነው የምቆጣበት። ቦታውን ያሳየሁህ እንድትሳለመው እንጂ እንድታስጎበኘው ነው?»

«ዋሻውን እንጂ እሳቸውን አላልሁም እኮ! ሰው የሚመጣው ለዚህ ለሦስተኛው ቀን ነው፤ ሌላውን ቦታ ማንም ይወስዳቸዋል።»

ሳሊም ከኋላ «አዳሙ፥ ተወው ወንድሜ፤ ዓሣ አብላንና ይብቃን» አለ። የሳቀ አልነበረም።

ጀልባው በሰሜኑ ወደብ አውርዶን በደቡቡ ሊጠብቀን ዞረ፤ በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል። እኔ ጀልባው ላይ መቅረት ነበረብኝ። አልቀረሁም። እነርሱ ብስክሌታቸውን እስኪያወርዱና ምሳቸውን እስኪበሉ በትሬን ይዤ በአቋራጭ ወጣሁና፥ ከአንድ ሾላ ሥር ካለው ጠፍጣፋ የድንበር ድንጋይ ላይ ቆምሁ። ከድንጋዩ ወዲያ ያለችው ቀጭን መንገድ የአባ ኪሩቤል መንገድ ናት።

ደረሱ። «ከዚህች ድንጋይ የሚያልፍ የለም» አልሁ።

አዳሙ ከብስክሌቱ ወርዶ ላቡን ጠረገ። «እሺ አባባ፥ አናልፍም። ረድኡ ምግብ ሲያስገቡ ስልኬን ይዘውልኝ ይግቡ። አንዲት ፎቶ ብቻ፤ የዋሻውን አፍ። ይህም ያስቆጣል?»

ያን ጊዜ መስቀሌን አውጥቼ ከፍ አደረግሁ፤ ገዘትሁም። በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን፥ በሠለስቱ ምዕት ቃል፥ «ወንድ ይሁን ሴት፥ ምእመን ይሁን መነኩሴ፥ ከዚህች ድንጋይ ያለፈ ውጉዝ ይሁን!» አልሁ። «መነኩሴ» ያልሁት ለዚያች ፎቶ ነው። በአርባ ስድስት ዓመት ክህነቴ ሰው ገዝቼ አላውቅም ነበር።

ኤሌኒ አማተበች። የአዳሙ ፊት ዐመድ መሰለ።

«የገዛ ልጅዎን? በሰው ፊት? በቃኝ። ጀልባው በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል። ከፈለጉ ይምጡ፤ ካልፈለጉ ከድንጋይዎ ጋር ይደሩ።»

መሪውን አዞረ፤ ሁሉም ተከተሉት። የቀረው ሳሊም ብቻ ነበር፤ ጎማው ተንፍሶበት ብስክሌቱን ገልብጦ ይጠግናል። እኔም ድል እንዳደረገ ሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ።

ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ረድኡ አባ ምስጋናው መጡ፤ የቀድሞ ደቀ መዝሙሬ ናቸው። በአንድ እጃቸው በቅጠል የተጠቀለለ የራሰ ሽምብራ፥ በሌላው ውኃ የሞላ ቅል ይዘዋል። አባ ኪሩቤል እህልም ውኃም የሚቀምሱት በየሁለት ቀኑ ነው፤ ከማክሰኞ ወዲህ አልቀመሱም። አባ ምስጋናው መስቀሌን ተሳልመው ሊያልፉ ሲሉ፥ ሳሊም ከጎማው ቀና አለ።

«አባ፥ እንዳያልፉ! ቄሱ ገዝተዋል። መነኩሴም ቢሆን ብለዋል።»

አባ ምስጋናው ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እውነት ነው የኔታ?»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ ከልጄ ጋር በፎቶ ተጣልተን ነው።»

«መነኩሴ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«በዚህ መንገድ ከእኔ ሌላ የሚያልፍ መነኩሴ ማን አለ?»

«እፈታለሁ! መስቀሉ በእጄ ነው። እግዚአብሔር ይፍ...»

እጃቸውን አነሡ። «ይቆዩ የኔታ። ከልጅዎ ጋር ታርቀዋል?»

መስቀሉን ዝቅ አደረግሁ።

«የተጣላ ካህን ሳይታረቅ መቅደስ እንደማይገባ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስሳሳት በአለንጋ ነበር የሚያርሙኝ። ዛሬ ቂም ይዘው ሲፈቱኝ ምን ብዬ ልቀበል?»

«አባ ኪሩቤል ከማክሰኞ ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም!»

«አውቃለሁ፤ የማደርሰው እኔ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ጠነከረ። «እርስዎም ሲገዝቱ ያውቁ ነበር።»

በአዳሙ ተናድጄ ነበር፤ አሁን በምስጋናው ተናደድሁ። ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን ምስጋናው ያሉት ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። ደቡቡ ወደብ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ ለዘጠኝ የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ጀልባው ከሄደ ልጄን የማገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ሳሊም ብስክሌቱን አቆመ። «አባቴ፥ ይውጡ።»

«የት ልውጣ?»

«እዚህ፥ ከኋላዬ፥ ዕቃ መጫኛው ላይ። አንድ ጣቃ ጨርቅ ጭኜበት አውቃለሁ፤ እርስዎ ከዚያ አይከብዱም።»

«ካህን በዚህ ላይ?»

«በቅሎ ቢኖረኝ በቅሎ አቀርብልዎ ነበር። በአንድ እጅዎ መስቀሉን፥ በአንድ እጅዎ ሆዴን ይያዙ። ሆዴን ፈልገው አያጡትም።»

ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጥምጥሜ ዐይኔን ሸፈነው።

«ፍሬኑ!» ብዬ ጮኽሁ።

«አለ አባቴ! ሲያስፈልግ ነው የምይዘው!»

«አሁን ነው የሚያስፈልገው!»

ሜዳው ላይ ስንደርስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «አዳሙን ምን ሊሉት ነው?» አለኝ።

«ጥፋቱን ልነግረው ነው።»

«እሱንማ ነግረውታል። ለእሱ ከሆነ ላውርድዎ፤ ዳገቱ ይቀልልኛል።»

ሆዱን አጥብቄ ያዝሁ።

ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ፥ ብስክሌቶቹ ተጭነው ነበር። አዳሙ ጀርባውን ሰጥቶ ከፊት ተቀምጧል።

«አዳሙ፥ ና ውረድ። አንዲት ቃል በጆሮህ ልንገርህ።»

አልዞረም። «ሲገዝቱኝ በጆሮዬ አልነበረም» አለ።

እውነቱን ስለ ሆነ ይበልጥ ተናደድሁ። አፌ ላይ የመጣው «መጀመሪያ ያንን ወረቀት ቅደድ» የሚል ነበር። ዋጥሁት። ቅድመ ሁኔታ አስቀምጬ ብታረቅ አባ ምስጋናው አይቀበሉኝም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን አልቀበልም። ጥምጥሜን አወለቅሁ። በእንግዶቹና በባለ ጀልባው ፊት፥ በራሰ በራዬ ቆሜ፥ «በእልህ ገዘትሁህ። የእግዚአብሔርን ቃል ለቁጣዬ በትር አደረግሁት። ይቅር በለኝ» አልሁ።

«ፍጠን አዳሙ!» አለ ሳሊም መሬት ላይ ተዘርሮ። «ረድኡ አላልፍም ብለዋል፤ ምግቡም ውኃውም ድንጋዩ አጠገብ ነው!»

አዳሙ ዘወር አለ። ይህን አያውቅም ነበር። ከጀልባው ዘልሎ ወርዶ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ይፍቱኝ።» መስቀሉን በራሱ ላይ አኑሬ፥ እርሱንም አባ ምስጋናውንም በስም ጠርቼ ፈታሁ። ወዲያው ብስክሌቱን አወረደ።

«እኔ ደርሼ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ነዳው።

ከዐይኔ ሳይሰወር አስተዋልሁ። ግዝቱ ተነሥቷል፤ ከድንጋዩ የሚያግደው የለም፤ ስልኩም በኪሱ ነው። «ስልክህን ትተህ ሂድ» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ባለ ጀልባው ሰዓቱን እያየ ሲያጉረመርም፥ እኔ ወደቡ ላይ ወዲያና ወዲህ እያልሁ ስናደድ ቆየሁ፤ አንዳንዴ በልጄ፥ አንዳንዴ በራሴ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«ገቡ» አለ። «ሲገቡ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምሁ። ባዶ ቅል ይዘው እስኪወጡ አልተንቀሳቀስሁም። አባ ኪሩቤል ሲያስሉ ሰማኋቸው፤ ሌላ የሰማሁት የለም።»

«ተመስገን» አልሁ፤ አመንሁትም።

ጀልባው እንደ ተነሣ ግን ወረቀቱን ከኤሌኒ ተቀብዬ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ይህች መስመር ትውጣ።»

«አባባ፥ አሁን አይደል የታረቅነው?»

«ታርቀናል። ትውጣ።»

«በምን ልተካት?»

«በምንም። ያን ቀን ይተኙ።»

«ተኙ ብዬ ሰው ልጥራ?» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። ድምፃችን ከሞተሩ በለጠ። ኤሌኒ ሳትናገር እስክሪብቶ አቀበለችው። ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞት ቆየና፥ መስመሯን ሰረዛት፤ በንዴት ስለ ሰረዛት ወረቀቱ ተቀደደ።

«ደስ አለዎት?»

«አላለኝም። የቀሩት ወረቀቶች የት ናቸው?»