በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ወረቀት

ልብስ ሰፊዋ የደንበኛን ልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ከጨርቁ ጋር በመርፌ ቁልፍ ታያይዛለች። በሃያ ዓመት ሥራዋ የአንዱ ልክ ከሌላው ተቀላቅሎባት አያውቅም፤ በዚህም ትኮራ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የገዛ እህቷን ነገር እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ ረሳችው።

ታናሽ እህቷ ሚጣ የማህፀን በር ምርመራ ስታደርግ ስልኳ ተበላሽቶ ስለነበር የእህቷን ሱቅ ቁጥር ሰጠች። ነርሷ ደወለች፤ «ውጤቱ ጥሩ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ትምጣ» አለች። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሚዜዎች ቀሚሳችን ካልደረሰ እያሉ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ አንድ ግራጫ ጨርቅ ላይ የተያያዘችውን ወረቀት ገልብጣ መልእክቱን ከነቀኑ ጻፈችና ማታ እነግራታለሁ ብላ ጨርቁን መደርደሪያ ላይ ወረወረችው። የጨርቁ ባለቤት የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሚጣም «ካልደወሉ ደህና ነኝ ማለት ነው» ብላ ተወችው።

ሰውየው ከሰባት ወር በኋላ «ሱሪዬስ?» እያለ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ ልኩን ልታይ ወረቀቷን ስታገላብጥ የነርሷን መልእክት አየች። ሱቁን እንኳ ሳትዘጋ ሚጣ ዘንድ ሮጠች። «ዛሬ ደውለው ነበር» አለቻት። ዛሬ!

ካንሰር ነበር። «ዕጢው አምስት ሴንቲ ሜትር ደርሷል» አለ ሐኪሙ፤ «በዚህ መጠኑ ቀዶ ጥገና አልገባም። መጀመሪያ በኬሞ እናሳንሰው።» ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ሜትር አምስት ቁጥር ላይ በጥፍሯ ያዘች። ከሰባት ወር በፊት ስንት ነበር? ማንን ትጠይቅ!

በየሦስት ሳምንቱ ኬሞው ጠብ ጠብ ሲል ልብስ ሰፊዋ ሚጣ አጠገብ ተቀምጣ ማስመለሻውን ሳህን ትይዛለች። ሚጣ ፀጉሯ ሲረግፍ «እትዬ፣ ማበጠሪያዬን አውርሼሻለሁ» ብላ ቀለደች። ልብስ ሰፊዋ ይህንንስ ቻለችው። ሚጣ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ «እሷ ያን ቀን ሮጣ ባትደርስልኝ አልቆልኝ ነበር» ስትል ግን ምስጋናው ከስድብ በላይ አቆሰላት።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ዕጢው ሁለት ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቀዶ ጥገናው ነገ ሊሆን፣ ነርሷ ቅጽ ይዛ መጥታ የሚደወልለት ሰው ጠየቀች።

«የእህቴን ቁጥር ጻፊ» አለች ሚጣ። «ለእሷ ከተነገረ አለቀ፤ አትረሳም።»

ነርሷ እንደወጣች ልብስ ሰፊዋ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ አኖረች። ሚጣ ቀኑን አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ዛሬ ደወሉ አልሽኝ እኮ።»

«አልኩሽ። ፈራሁ። በድዬሻለሁ፣ ሚጣዬ።»

ሚጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«እትዬ» አለች ሚጣ፣ ሳትዞር። «ነገ እንዳትመጪ።»

«እሺ።»

«ከነገ ወዲያ ነይ።»