የፈዬራ ቀኝ እጅ

ሥርጉትና ፈዬራ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም ላም ያረባሉ። ድርቆሽ የሚቆራርጡበትን ማሽን በጋራ ገዝተው ፈዬራ በረት ውስጥ ተክለውታል። አንድ ማለዳ ፈዬራ ማሽኑን አጥፍቶ የተሰነቀረውን ሣር በእጁ ሲጎለጉል ሥርጉት ገባች። በረቱ ጨለም ያለ ነበር። አምፖሉን ላብራ ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ተጫነችው። የማሽኑ እንጂ የአምፖሉ አልነበረም።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ቁስሉን ሰፋለት። "እግዜር ይመስገን፣ ጣቶቹ ተርፈዋል" ተባለ። ስፌቱ ሲወጣ ግን ጠቋሚው፣ የመሃሉና የቀለበት ጣቱ አልታጠፍ አሉ።

"አንቺ ምን አደረግሽ? ሶኬቱን መንቀል የነበረብኝ እኔ ነኝ" አላት ፈዬራ።

ቢረግማት ይሻላት ነበር። ሚስቱ ቢፍቱ ደግሞ ክፉም ደግም አልተናገረችም። ይህ ዝምታ ሥርጉትን አስፈራት። ቢፍቱ ወተት ልታደርስ መውጣቷን በአጥሩ ቀዳዳ ታይና ትገባለች፤ የፈዬራን ላሞች ታልባለች፣ በረቱን ትጠርጋለች፣ ቢፍቱ ሳትመለስ ሹልክ ብላ ትወጣለች።

ሐኪም ፍለጋውንም ብቻዋን ተያያዘችው። ላምበረት አካባቢ የወሰደችው የአጥንት ሐኪም ራጁን አየና "አጥንቱ ደህና ነው" ብሎ መለሳቸው። ሌላው "ጊዜ ስጡት" አለ። በመጨረሻ አንድ የታወቀ የእጅ ቀዶ ሐኪም አለ ሲሏት ፈዬራን ለምና ከተማውን አቋርጣ ወሰደችው። ሐኪሙ ግን ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ ነበር።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ፈዬራ "ይብቃን ሥርጉት" አላት። "በግራዬ ማለብ እለምዳለሁ።"

"አይሆንም! አንድ ሌላ ሰው ልጠይቅ።"

"ያንቺ ጭንቀት የእኔ እጅ ነው ወይስ የራስሽ ጸጸት?"

ጥያቄው የቁጣ አልነበረም። እሷ ግን እስከ ቤት ድረስ በመስኮት ስታይ ሄደች።

በማግስቱ ቢፍቱ ከወትሮው ቀድማ ተመለሰችና በረት ውስጥ አገኘቻት።

"እስከ መቼ ነው የምትሸሺኝ?"

"በምን ዓይኔ ልይሽ?" አለች ሥርጉት።

"ባሌን የት የት ነው የምታንከራትቺው? እሱም አይነግረኝ።"

"የእጅ ቀዶ ሐኪም እየፈለግኩ ነው። ጅማት የሚቀጥል።"

ቢፍቱ የያዘችውን የወተት ጀሪካን መሬት አስቀመጠችው። "ሲ.ኤም.ሲ ወተት ከማደርስላቸው አንዷ እኮ የቀዶ ሕክምና ነርስ ናት። ምነው ብትጠይቂኝ?"

ነርሷ ስትጠየቅ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም። ዶክተር ሬድዋን የሚባል የእጅ ሐኪም እዚያው ሲ.ኤም.ሲ፣ ከቤቷ ማዶ ካለ ክሊኒክ ነበር የሚሠራው።

ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሙ የፈዬራን ጣቶች አንድ በአንድ ይዞ "እስቲ ይህን ይጠፉት" እያለ መረመራቸው። ቀጥሎ ወንበሩን አስጠጋ።

"የሚያጥፉት ጅማቶች ተበጥሰዋል። እንደቆሰሉ ብትመጡ ጫፍና ጫፉን እንሰፋው ነበር። አሁን ግን የተበጠሰው ጫፍ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ከሌላ ቦታ ጅማት ወስደን ነው የምንተካው፤ ሥራው በሁለት ዙር ነው። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም።"

ፈዬራ "ይሠራ" አለ።

ሥርጉት ውጭ ወጥታ ግድግዳ ተደገፈች። ቢፍቱ ተከተለቻት።

"ከአንቺ ባልሸሽ ኖሮ ያኔውኑ እንደርስ ነበር" አለች ሥርጉት።

"አዎ" አለች ቢፍቱ። ልታባብላት አልሞከረችም። ከጎኗ ግድግዳውን ተደግፋ ግን "እኔም ተቀይሜሽ አፌን ዘጋሁ። ባናግርሽ ምን ነበረበት" አለች።

ቀዶ ጥገናው ሁለቴ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት የማጠፍና የመዘርጋት ልምምድ ነበሩ፤ ፈዬራ ሲያመው ጥርሱን ይነክሳል፣ ሥርጉትና ቢፍቱ እየተፈራረቁ ጣቶቹን ያንቀሳቅሱለታል። ጠቋሚውና የመሃል ጣቱ እያደር ታዘዙ። ዛሬ ረጋ ያሉትን ላሞች በሁለት እጁ ያልባል።

የቀለበት ጣቱ ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ። ፈዬራ ጠዋት ጠዋት ሥርጉትን ሰላም የሚላት በዚያው እጁ ነው። ያ ጣት መዳፏን ሲነካት ዓይኗ ወደ መሬት ይወርዳል። እሱ አይቶ እንዳላየ፣ ስለ ላሞቹ ይጠይቃታል።