የደሴተ ጸዳል ጕድጓድና የልደት ቍጥር

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ለሰው ልጅ ትዕቢትና ስስት ከጥንት ጀምሮ ብዙ መሣሪያ ተበጅቶላቸዋል፤ ጦር አለ፥ ሰይፍ አለ፥ መድፍ አለ፤ ነገር ግን ያላየውን አገር ላላየው ሰው የሚያድል ንጉሥ አስጽፎ በሰም ያተመውን ብራና የሚያህል ረቂቅ መሣሪያ ከቶ አልተገኘም። መድፍስ ሲተኰስ ይሰማል፤ ብራና ግን ድምፅ ሳያሰማ፥ ጭስ ሳያጤስ፥ ባለቤቱ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ቤቱን ይወስድበታል። ይሁን እንጂ ጸሓፊ የማይጽፈው፥ ጠበቃ የማይደርስበት የእግዚአብሔር ቀልድ ደግሞ አለና፥ እኔም ዛሬ እርሱን በደስታ እተርካለሁ።

በቀይ ባሕር መካከል ደሴተ ጸዳል የምትባል፥ በስፋቷ ትንሽ በሰላሟ ታላቅ ምድር ነበረች፤ የሚጠጣ ውኃ የሚገኝባት ጕድጓድ አንዲት ብቻ ስትሆን፥ ከእርስዋም ሰባት መነኮሳትና አርባ የዓሣ አጥማጅ ቤተ ሰብ፥ እስላም ክርስቲያን ሳይባባሉ፥ በተራ ይቀዱ ነበር። የገዳሙ መሪጌታ ሀብተ ሥሉስ በዜማ ምጡቅ፥ በባሕረ ሐሳብ ጥልቅ፥ በግትርነት ግን ከሁለቱም የላቁ ሽማግሌ ነበሩ። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ባሕር ማዶ አገር እንዲያቀና ከተፈቀደለት የእንግሊዝ ንግድ ማኅበር የተላከ ሐመር በዚያ መልሕቁን ጣለ፤ አለቃውም ካፒቴን ኤድመንድ ፔንሮዝ ወርዶ፥ በጕድጓዷ አፍ የማኅበሩን ዓርማ የተሸከመ ምሰሶ አስተክሎ፥ ወታደሮቹን ዙሪያዋን አቁሞ፥ የንጉሡን ብራና በግርማ አነበበ፤ ከየመን ወደብ ከሞካ ያመጣው አርመናዊ አስተርጓሚ ኮጃ ሳርኪስም ቃል በቃል ወደ ዓረብኛ መለሰው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውኃዋ የማኅበሩ ናት፤ ነዋሪውም ወይ ለማኅበሩ ይደር፥ ወይ ጀልባውን ጭኖ ይሂድ ተባለ። ኧረ ጉድ! የአባት የአያት ርስት በአንድ ንባብ!

መሪጌታ ግን በግብፅ ገዳማት ዓረብኛ ተምረው ነበርና፥ ቅኔ የለመደ ጆሯቸው "በክርስቲያን ንጉሥ ያልተያዘ ምድር ሁሉ" የምትለዋን ሐረግ ለቀም አደረገ። (ክርስቲያን ያልያዘውስ ምድር ባለቤት የለውምን? ተብሎ ቢጠየቅ ብራናው መልስ አልነበረውም።) "እንግዲያስ ጌታዬ፥ የከለከለዎት የራስዎ ብራና ነው፤ ይህች ደሴት ከነሕዝቧ የክርስቲያኑ ንጉሣችን ርስት ናት" አሉ። ካፒቴኑ ከት ብሎ ሳቀ። "ውኃው የሚወሰድበት ሰው ሁሉ ክርስቲያን ነኝ ይላል። እውነት ከሆነ ግን የጌታን ልደት ቀን አይስቱትም፤ መቼ ነው? ቃልዎ ከመርከቤ መዝገብ ጋር ከተስማማ ምሰሶዬን እነቅላለሁ፤ ካልተስማማ ጕድጓዷ የእኛ ናት፤ በክብሬ እምላለሁ።"

ወዮ፥ አንባቢ፥ የመሪጌታን ጭንቅ ተመልከት! ባለፈው ዓመት አንድ የፖርቱጋል ካህን በደሴቲቱ ሲያልፍ "እኛ ፈረንጆች ልደትን ከእናንተ ዐሥር ቀን ቀድመን እናከብራለን፤ ቍጥራችሁ ስሕተት ነው" ብሎ ተዘባብቶባቸው ነበር፤ ይህም እንግዳ እንደዚያኛው ፈረንጅ ነው። የአጥማጆቹ ሽማግሌ ሼህ ኢድሪስ የመሪጌታን ኩታ ጫፍ ሳብ አድርገው፥ "መሪጌታ፥ የእነሱን ቍጥር ያውቁት የለም እንዴ? 'ካለፈ ዘጠኝ ቀኑ ነው' ይበሉትና ይገላግሉን! ለእንግዳ ያገሩን ቀን ቢሰጡት ምን ይጎድልብዎታል?" አሏቸው። እውነቱን ልናገር፥ መሪጌታ ፈሩ፤ የአርባ ቤት ሕፃናት በዓይናቸው ዞሩ። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን የበዓላትን ቀን በአበቅቴና በመጥቅዕ ሲቈጥር የኖረ ሰው፥ በልደት ዋዜማ ልደትን ይካድ? "ሼህ ኢድሪስ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ ዋሽቼ የማተርፋት ውኃ በጕሮሮዬ አትወርድም" አሉና ወደ ካፒቴኑ ዞረው፥ "ልደት ነገ ነው" አሉ። "በቃ፥ አለቀልን!" አሉ ሼህ ኢድሪስ።

ካፒቴኑ መዝገቡን አስመጥቶ ገለጠ፤ መስመሩን በጣቱ ተከተለ፤ ፊቱም ቀላ። የሮማው ፓፓ ከዘመን ላይ ዐሥር ቀን ቈርጦ በጣለ ጊዜ፥ እንግሊዞች ከፓፓው ጋር ተኳርፈው ነበርና "አንቀበልም" ብለው በአሮጌው ቍጥር ጸንተው ነበር፤ በመዝገቡም ላይ የነገዪቱ ዕለት "ልደት" ተብላ ተጽፋ ነበር! ሼህ ኢድሪስ ከመነኮሳቱ ሁሉ ቀድመው በደስታ ዘለሉ። ካፒቴኑ ግን ለማኅበሩ ጌቶች የሚመልሰው ጨንቆት፥ መሐላውን ማፍረስም አሳፍሮት፥ "በዓሉን እናሳልፍ" ብሎ ወደ ሐመሩ ተመለሰ።

በማግሥቱ ማሕሌቱ ተፈጽሞ፥ ጾሙ ተገድፎ፥ የክርስቲያኑም የእስላሙም ጎረምሳ ለገና ጨዋታ ወጣ፤ መርከበኞቹም ቈልማማ በትር ባዩ ጊዜ፥ ባገራቸው ይህን የመሰለ ጨዋታ ነበራቸውና፥ ሆ ብለው ገቡበት። ካፒቴኑ ሊያይ ቀረብ እንዳለ የጨዋታው ድቡልቡል ሩር በርራ ቅልጥሙን አገኘችው። ሁሉም ክው አለ፤ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ጨበጡ። መሪጌታ ግን ሳቃቸው አምልጧቸው፥ "በገና ጨዋታ አይቈጡም ጌታ!" አሉት፤ ሳርኪስም ዓይኑን ጨፍኖ ተረጐመው። ያ ኵሩ ሰው ቅልጥሙን እያሸ፥ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እያነከሰም ሄዶ ምሰሶውን በገዛ እጁ ነቀለ፤ ከዚያም ባርኔጣውን አውልቆ በሼህ ኢድሪስ ፊት ቆመና፥ "አባቴ፥ ውኃ ያጠጡኝ" አለ። ሼህ ኢድሪስም ቀድተው ሰጡት፤ ጠጣ፥ ደገመ፥ ሠለሰ። ምንጭን የሚነጥቅ ውኃ ያገኛል፤ ጥሙ የሚቈረጥለት ግን ለምኖ የጠጣ ነው።