ተመላሽ የሌለው የተመላሾች ቀን

ሮይስ ወንድሜ ነው፤ ስለዚህ እሱን የመሳደብ መብት አለኝ። ሌላ ሰው ሲሰድበው ግን አልወድም፤ አብዛኛው ሰው በደንብ አይችልበትም።

ነሐሴ ላይ ፓስተር ጋርላንድ አሮጌው የከብትና የዶሮ መኖ መደብር ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቴክሳስ አዲስ ሕግ አውጥታለች፤ ልጅ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲሄድ የመንግሥት ገንዘብ ተከትሎት ይሄዳል። ሮይስ ይህ ሕግ እንዲወጣ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጮህ ነበር የከረመው። በጥጥ መዳመጫ ፋብሪካው በር ላይ «ምርጫው የቤተሰብ ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ከዋናው መንገድ ላይ ሆኖ እንኳ ይነበባል። ቤተሰብ ማለት እሱ ነው።

የልጁን ልጅ ራይሊንን የሚያሳድጋት እሱ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጅቷ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከተማረችበት ከመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ጠዋት ነቅሎ ፓስተሩ ጋ ሲያስገባት፣ ምን ትያለሽ ብሎ አልጠየቃትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም።

እሁድ እሁድ እነሱ ጋ ስለምበላ መልእክተኛ ሆኜ ቀረሁ።

«አክስቴ ኔልዳ፣ ጨዉን እንዲያቀብለኝ ንገሪልኝ።»

«ሮይስ፣ ጨው።»

«ከፊቷ ነው እኮ ያለው!»

«ከፊትሽ ነው ይላል።»

«ቁንዶ በርበሬውን ማለቴ ነው በይልኝ።»

ይስቃል ብዬ ሳየው ዓይኑ ቀልቶ ድንቹ ላይ አፍጥጧል። አሳዘነኝ። ደግሞም እሰየው አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ፓስተሩ ጋ የሄደው ሁሉ ጅል አይደለም። የጎረቤቴ የሬኔ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ስሙን በቅጡ ማንበብ ሲያቅተው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም ልብ አላለም። አሁን የዶሮ መኖ በሚሸት ክፍል ውስጥ ማንበብ ጀምሯል። ሬኔን ማን ይወቅሳታል? ራይሊን ግን ምንም አልጎደለባትም ነበር። በአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ውስጥ ሞላላውን ኳስ በእግር የምትመታው እሷ ነበረች። ከተማችን ትንሽ ስለሆነች የምንጫወተው በስድስት ሰው ነው፤ እሷ ስትሄድ አምስት ቀሩ። አምስት ሆኖ ጨዋታ የለም። አሠልጣኙ ኢባራ ያልለመነው ጎረምሳ የለም፤ አንዳቸውም እሺ አላሉትም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ፓስተሩ ሌላ ጉድ አመጣ፤ እኛም የተመላሾችን ቀን እናከብራለን አለ። ይሄ ቀን የድሮ ተመራቂ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመለስበት፣ ሰልፍ የሚወጣበት፣ ልጃገረዶች ሪባንና ቃጭል የተንዠረገገበት የጨርቅ አበባ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉበት ነው። እኛ ዘንድ የገና በዓል እንኳ ይህን ያህል አይከበርም።

«ሮይስ፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በነሐሴ ነው። ማን ነው የሚመለሰው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ።»

«አንተ የት ተማርክና! እዚያ ቤት የገዛኸው የዶሮ መኖ ነው!»

«ታዲያ ተመልሼ መጣሁ ማለት አይደል?»

ዓርብ ከሰዓት ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በተመሳሳይ ሰዓት ሰልፍ ወጡ። ያለን ጎዳና አንድ ነው። የመንግሥቱ በውሃ ታንከሩ በኩል፣ የፓስተሩ በመቃብሩ በኩል መጡና ባለችን አንዲት የትራፊክ መብራት ሥር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ። በአንዱ ተሳቢ ላይ አምስቱ ተጫዋቾች ተቀምጠዋል። ሌላውን የሚጎትተው የሮይስ ፒክአፕ ነው፤ ራይሊን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተሳቢው ላይ በተነጠፈው ጭድ ላይ፣ ደረቷን የሚሸፍን አበባ አንጠልጥላ ፊቷን አጨማድዳለች። ፓስተሩ አጠገቧ ቆሞ እጁን ያውለበልባል።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ ደግሞ አረንጓዴ ሆነ።

«ወደ ኋላ በል!» አለ ኢባራ።

«እኔ ወደ ኋላ አልልም!» አለ ሮይስ በመስኮቱ። እውነቱን ነው፤ በዕድሜው ብሎ አያውቅም።

ይሄኔ ቃጭል ሰማን። ራይሊን ከተሳቢው ዘላ ወረደች። አበባውን አውልቃ የአያቷ መኪና ኮፈን ላይ አስቀመጠችና፣ ተሻግራ ከአምስቱ ጋር ተቀመጠች። አንዱ ልጅ ጠጋ አለላት።

«ሮይስ!» አለ ፓስተሩ። «መልሳት እንጂ! የኛ ተማሪ ናት!»

ኢባራ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «የኔ ልጅ፣ አሁኑኑ ብትመዘገቢም እኮ ዛሬ መጫወት አትችዪም። ሕጉ አይፈቅድም። የዛሬው ጨዋታ ቀርቷል።»

«አውቃለሁ» አለች። አልወረደችም።

ሮይስ ይህን ሰማ። ሳትጫወት እንኳ እዚያ መቀመጥን እንደመረጠች ገባው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ፓስተር፣ ምርጫው የማን ነው ብለን ነበር የጻፍነው?» አለ።

«የቤተሰብ ነዋ!»

«እሷ ናት ቤተሰቤ። ሌላ የለኝም።»

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ ያየ ያውቀዋል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። መጀመሪያ የፀጉር ቤቱን ደረጃ ገጨ። ቀጥሎ ወደ ፖስታ ቤቱ አመራ። ጭዱ ላይ የቀሩት ልጆች እየተንጫጩ ዘለው ወረዱ፣ ፓስተሩ በቁመቱ ጭዱ ውስጥ ወደቀ፣ የከተማው ሰው በሙሉ ትእዛዝ ሰጪ ሆነ።

«ወደ ግራ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ራይሊን ተነሥታ ቆማለች። «ወደ ግራ፣ አባባ! ግራ አልኩህ እኮ! ኧረ ግራህን አታውቅም እንዴ?»

ሮይስ ወደ ቀኝ አዞረ።

«አባባ!» ወርዳ እየሮጠች መጣች። «ማንንም አትስማ! እኔን እያየህ ንዳ!»

እስከ መቃብሩ ድረስ እንዲሁ እየጮኸችበት ሄዱ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ፓስተሩ ከፀጉሩ ላይ ጭድ ይለቅማል። እኔ ግን አለቀስኩ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የጥጥ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ በዶሮ ቤት በር ያስገባዋል። በተሳሳተ ቁጥር ግን ትጮህበታለች። እሱም መሳሳቱን ቀጠለ።